ጆሮ እስኪለምድ፦ አዲስ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ለያዙ ሰዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዚህ ስብሰባ ታዳሚዎች፣ ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራችሁና ከቤተሰባችሁ ጊዜ ቆርሳችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ከብረት መፈለጊያ መሣሪያዎች መካከል የትኛው እንደሚሻል እንድናገር ነበር። እኔ ግን ርእሱን እንዲለውጡልኝ ለመንኋቸው፤ እነርሱም በጎ ፈቃዳቸው ሆኖ ተቀበሉኝ። ባለፉት ዓመታት ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ከመጡት ሰዎች መካከል መጥፎ መሣሪያ ገዝተው የተጎዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥሩ መሣሪያ ገዝተው በሁለተኛው ወር ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው መሣሪያው ከካርቶኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ስላሉት የመጀመሪያ ወራት፣ እነዚያም ወራት ስለሚጠይቁት ትዕግሥት ነው።

ንግግሬን በሦስት ነጥቦች እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ መሣሪያው በእርግጥ ምን እንደሚነግረን፣ ቀጥሎ ከአሮጌው መሣሪያ ወደ አዲሱ ስንሻገር እጃችንና ጆሯችን ምን መርሳት እንዳለባቸው፣ በመጨረሻም የመጀመሪያዎቹን መቶ ሰዓታት እንዴት ብናሳልፍ እንደሚበጅ እናገራለሁ። ሦስቱን እኩል አላያቸውም፤ በመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ትዕግሥታችን የሚያልቀው የምንሰማው ነገር ምን እንደሆነ ስለማናውቅ ነው ብዬ አምናለሁ። በምጠቅሳቸው ታሪኮች ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። መሣሪያው ምን ይነግረናል? ብዙዎቻችን ወርቅ ሲያገኝ ወርቅ፣ ሚስማር ሲያገኝ ሚስማር ብሎ የሚነግረን ይመስለናል። ወገኖቼ፣ መሣሪያው ወርቅን አያውቅም። ሳንቲምን አያውቅም። ቀለበትን አያውቅም። የሚያውቀው ከመሬት በታች የተመለሰለትን መግነጢሳዊ መልስ ብቻ ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለው፣ ሁላችንም ኮይል የምንለው ክብ ነገር በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አለው። በአብዛኞቻችን እጅ ባሉት መሣሪያዎች አንደኛው ጥቅል ሽቦ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። ይህ መስክ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሲያገኝ በዚያ ነገር ውስጥ እየተሽከረከረ የሚፈስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ያ ፍሰት ደግሞ በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይፈጥርና ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ይቀበለዋል። መልሱ ከተላከው መስክ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ በመለካት መሣሪያው አንድ ቁጥር ያሳየናል፣ አንድ ድምፅም ያሰማናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ ግማሹ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ግምት፣ ግማሹ የእኛ።

ይህን ለምን አጥብቄ እናገራለሁ? ቁጥሩ ከብረቱ ዓይነት ብቻ የሚመጣ ስላልሆነ ነው። ከመጠኑ፣ ከውፍረቱ፣ ከቅርጹ፣ ከአተኛኘቱ፣ ከተቀበረበት አፈር፣ አጠገቡ ካለው ሚስማር ጭምር ይመጣል። በጠርዙ የቆመ ሳንቲም በገጹ እንደተኛ ሳንቲም አይናገርም። ቀጭን የወርቅ ቀለበት የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ከሚሰጠው ቁጥር ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ሰፊና ጠፍጣፋ የዛገ ብረት ደግሞ ከጥሩ የብር ሳንቲም የምንጠብቀውን ከፍ ያለ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። በጨው የራሰ የባሕር አሸዋ ራሱ፣ ምንም ነገር ሳይኖርበት፣ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ለመሣሪያው እንደ ቀጭን ፎይል ሆኖ ሊታየው ይችላል። ታዲያ እነዚህን ሁሉ ከአንድ ቁጥር ብቻ በሦስት ቀን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ይኖራል?

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ትንሽ ነገር ከኮይሉ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ምልክት በግማሽ የሚቀንስ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እውነቱ ከዚያ የከፋ ነው። መስኩ ወደ ታች ሲወርድም ይዳከማል፣ መልሱ ወደ ላይ ሲመጣም ይዳከማል። ከኮይሉ ስፋት አንጻር ራቅ ካለ ቦታ ጀምሮ ምልክቱ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህም ማለት ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ወደ እኛ የሚደርሰው ከ64 እጁ አንዱ ብቻ ነው። ከ64 አንዱ! እንግዲህ አስቡት፤ ጮክ ብሎ የሚሰማው፣ ቁጥሩ የማይዋዥቀው፣ ጀማሪን የሚያስደስተው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከመሬቱ ወለል ብዙም የማይርቅ ነገር ነው፤ ሰው በተመላለሰበት ቦታ ደግሞ እርሱን ከእኛ በፊት የመጣ ሰው ወስዶታል። ለእኛ የቀረን ሹክሹክታው ነው። ሹክሹክታን ለመስማት ደግሞ በመጀመሪያ የመሣሪያውን የዘወትር ድምፅ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዘወትሩን የማያውቅ ጆሮ በዚያ ላይ የመጣችውን ትንሽ ለውጥ ሊለይ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ላንሣ። ጁላይ 2 ቀን 1881 የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ፤ ጥይቱም በሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። ስልክን በመፈልሰፉ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ያለ ቀዶ ጥገና የሚፈልግ መሣሪያ አዘጋጅቶ መጣ። መሣሪያው በሙከራ ላይ ሠርቶ ነበር። በታማሚው አልጋ አጠገብ ግን ድምፁ በየቦታው ተሰማና ጥይቱ ያለበትን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም። ኋላ ላይ ሲጣራ ከፕሬዚዳንቱ ፍራሽ ሥር ከብረት ሽቦ የተሠራ ሌላ ፍራሽ መኖሩ ታወቀ። በዚያ ላይ ሐኪሙ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው አምነው ስለነበር ፍለጋው በዚያ በኩል ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ጥይቱ ግን በግራ በኩል ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሴፕቴምበር 19 ቀን አረፉ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ያዝናል ልቤ። መሣሪያው ከሥሩ ያለውን ብረት በታማኝነት ይናገር ነበር፤ በአልጋው ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያውቁ፣ የት መፈለግ እንዳለባቸውም አስቀድመው ወስነው ነበር።

እኛስ ስንት ጊዜ አስቀድመን እንወስናለን? ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ መሣሪያ ከያዝሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሴት፣ በጓሯቸው አረም ሲነቅሉ የጋብቻ ቀለበታቸው ከጣታቸው ወልቆ ጠፋባቸው። በደስታ ሄድሁ። ጓሮው በፎይል ቁራጭ የተሞላ ነበርና ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ ጩኸቱ አታከተኝ። ዲስክሪሚኔሽን የምንለውን መለያ ከፍ አድርጌ ዝቅተኛዎቹን ቁጥሮች በሙሉ ዘጋኋቸው። ከዚያ በኋላ ጓሮው ጸጥ አለ፤ እኔም በጸጥታው ተደስቼ ሁለት ምሽት ሙሉ ከዳር እስከ ዳር ተመላለስሁ። ምንም አልተገኘም። እትዬ “ወንድሜ፣ በቃ አትድከም፤ ሌላ ቦታ ጥዬው ይሆናል” አሉኝ። እኔም በልቤ እንዲሁ አልሁ።

አንድ ወር ያህል ካለፈ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ የባለቤቴን የወርቅ ቀለበት መሬት ላይ አስቀምጬ ኮይሉን አሳለፍሁበት። የታየኝ ቁጥር እዚያ ጓሮ ውስጥ ከዘጋኋቸው ቁጥሮች መካከል ነበር። በማግሥቱ ተመልሼ ፈቃድ ጠየቅሁና መለያውን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ የሚጮኸውን ሁሉ መቆፈር ጀመርሁ። ከሃያ በላይ የፎይል ቁራጭ አወጣሁ። ቀጥሎ ያለውም ምልክት ልክ እንደ እነርሱ ነበር፤ በድምፁም በቁጥሩም ልዩነት አላገኘሁበትም። ሁለት ጣት ያህል ስቆፍር፣ ከሣር ሥር ጋር ተጠላልፎ፣ ቀለበቱ ወጣ። ወገኖቼ፣ በእነዚያ ሁለት ምሽቶች በዚያ ቦታ ላይ ቢያንስ አራት ጊዜ አልፌ ነበር። መሣሪያው አራቱንም ጊዜ አይቶታል። ዝም እንዲል ያዘዝሁት እኔ ነበርሁ። እትዬ ቀለበቱን በመዳፋቸው ይዘው ሲያለቅሱ እኔ የማስበው ስለዚያ ስለወደድሁት ጸጥታ ነበር።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ የያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት መለያውን ከፍ አድርጎ እንዲፈልግ አልመክርም። ልምድ ያላቸው አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ ጀማሪ ቆሻሻ ብቻ እያወጣ ተስፋ ይቆርጣል ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ያልቆፈርነውን ድምፅ እንዴት እንማረዋለን? ፎይልን ሳያወጣ ፎይል ምን እንደሚል የተማረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ከሁለተኛው ነጥብ በፊት ስለ አንድ ሰው ብቻ ልናገር። ጌርሃርድ ፊሸር የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ ለአውሮፕላኖች በሬዲዮ አቅጣጫ የሚያመለክት መሣሪያ ላይ ይሠራ ነበር። መሣሪያው አንዳንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አቅጣጫው ይዛባ ነበር፤ መዛባቱም የሚከሰተው በአቅራቢያው ብረታ ብረት ወይም ማዕድን ያለው ድንጋይ ሲኖር እንደሆነ አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ስሕተት ብሎ ለማጥፋት ይደክም ነበር። ፊሸር ግን ስሕተቱን ተከትሎ ሄደ፤ ለብረት መፈለጊያውም በ1937 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። የያዝነው መሣሪያ ከመነሻው ጀምሮ የተወለደው አንድ ሰው የሚያስቸግረውን ድምፅ በትዕግሥት ስላዳመጠ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ከአሮጌ ወደ አዲስ ስንሻገር ምን መርሳት አለብን? ብዙ ሰው ልምድ ያለው ሰው አዲሱን መሣሪያ ቶሎ የሚለምድ ይመስለዋል። እኔ ግን የተመለከትሁት ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው። ምንም የማያውቅ ጀማሪ የመመሪያውን መጽሐፍ ያነብባል፤ ባለ ልምዱ ግን አያነብም። እኔም አላነበብሁም ነበር።

በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ፣ ማለትም መስኩ አቅጣጫውን በሚለዋውጥበት በአንድ ፍጥነት ብቻ፣ በሚሠራ መሣሪያ ስምንት ዓመት ፈልጌያለሁ። እጄ ያውቀው ነበር። ከድምፁ ብቻ ሳይሆን ከዝምታውም እንኳ የምረዳው ነገር ነበር። ከዚያ በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ አዲስ መሣሪያ ገዛሁ፤ ስለ እርሱም የሰማሁት ሁሉ ምስጋና ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከአሮጌው ባነሰ አገኘሁ። በአሮጌው በደንብ የማውቀው ቁጥር በአዲሱ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ በአሮጌው የመዳብ ሳንቲም ይሆን በነበረው ቁጥር ላይ አዲሱ የዛገ ቆርኪ ያወጣልኝ ነበር። ድምፆቹ በዝተውብኝ ነበር። እንደ ልማዴ ኮይሉን በፍጥነት ሳወዛውዝ መሣሪያው የተቆራረጠ ወሬ ያወራ ነበር እንጂ የተሟላ ነገር አይነግረኝም። ምሽት ላይ ወደ ቤቴ ስመለስ መሣሪያው ብልሽት አለበት ብዬ እርግጠኛ እሆን ነበር። ልሸጠውም ገዥ አግኝቼ ነበር።

ከመሸጤ በፊት ግን ይህን ሥራ ወዳስተማሩኝ አዛውንት ሄድሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። “መሣሪያው አልሠራ አለኝ” ብዬ አማረርሁ። ጋሼ ምንም ሳይመልሱ የጆሮ ማዳመጫውን አደረጉና እኔ የጨረስሁት መሬት ነው ብዬ በተውሁት ሜዳ ላይ መራመድ ጀመሩ። እጅግ በዝግታ ነበር የሚሄዱት፤ እኔ አሥር እርምጃ በምሄድበት ጊዜ እርሳቸው ሦስት አይሞሉም። ኮይሉ ከሣሩ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፤ በግራም በቀኝም መጨረሻው ላይ ወደ ላይ አይነሣም። አንድ ቦታ ቆሙ። ማዳመጫውን አውልቀው ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝና ኮይሉን በዚያ ቦታ ላይ አመላለሱት። “ምን ትሰማለህ?” አሉኝ። “ምንም” አልሁ። “ደግመህ ስማ።” ደገምሁ። ከመሣሪያው የዘወትር ድምፅ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ትንፋሽ እንደ ማለት ያለች፣ ከፍ ብላ ዝቅ ትል ነበር። ዘጠና ዲግሪ ዞረው ከሌላ አቅጣጫ ሲያመላልሱት ያችው ነገር እዚያው ቦታ ላይ ተደገመች። ቆፈርን። ከግማሽ ክንድ ያህል ጥልቀት አንድ የጠቆረ ሳንቲም ወጣ። ጋሼ ሳንቲሙን አላዩትም። መሣሪያዬን መልሰው ሰጡኝና “ልጄ፣ ይህን በእጅህ ከያዝህ ስድስት ሳምንት ሆኖሃል፤ ጆሮህ ግን ገና አሮጌው መሣሪያህ ጋር ነው” አሉኝ።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚያ ቀን የተማርሁትን ልዘርዝር ብል ብዙ ይሆናል፤ አንዱን ብቻ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እርሱም የኮይሉ ነገር ነው። እጃችንን ስናወዛውዝ ትከሻችን ማዕከል ስለሚሆን ኮይሉ በሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ የመነሣት ባሕርይ አለው። አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ተነሣ እንበል። ቅድም ስለ ርቀት የተናገርሁትን አስታውሱ፤ ጥልቀት ላይ ላለች ትንሽ ሳንቲም አምስት ሴንቲ ሜትር በመሰማትና ባለመሰማት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከመንገዳችን መሐል ያለውን እያገኘን ከግራና ከቀኝ ያለውን ሁሉ እየተውን እንሄዳለን ማለት ነው። ይህን እጅ ለማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሳምንታት ግን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም እጅ በአንድ ቀን አይታዘዝም።

ዳግመኛም ብዙዎቻችን አዲስ መሣሪያ ይዘን የምንሠራው ስሕተት አለ፤ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን፣ መሣሪያው ደካማ ምልክትን ምን ያህል እንደሚሰማ የሚወስነውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ። ከፍ ባደረግሁት መጠን በጥልቀት ያይልኛል ብለን ነው። በብዙ መሬት ላይ ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ብዙ የብረት ማዕድን ያለው አፈር ራሱ መልስ ይሰጣል፤ በአቅራቢያው ያለ የኤሌክትሪክ መስመርም ይረብሻል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሚጮህ ሰው ድምፁን ባበረታ ቁጥር የገደል ማሚቶው አብሮ እንደሚበረታበት፣ መሣሪያውም ከፍ ባለ ቁጥር የአፈሩ ጩኸት አብሮ ከፍ ይልበታል፤ ሳንቲሟም በዚያ ጩኸት ውስጥ ትጠፋለች። መሣሪያው ረጋ እስኪል ድረስ ዝቅ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ በጥልቀት ያለውን የሚያሰማን ለዚህ ነው። ግራውንድ ባላንስ የሚባለው የአፈር ማመጣጠኛም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ምንም ብረት በሌለበት ቦታ ኮይሉን ወደ መሬት እያስጠጉና እያራቁ የአፈሩን መልስ ዝም የማሰኘት ሥራ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ደቂቃ መታገሥ አቅቶን ግን ሙሉ ቀን በጩኸት ውስጥ እንውላለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ አባቶቻችን!

ሦስተኛው ነጥብ የመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዓታት ነው። መቶ የሚለው ቁጥር በጥናት የተገኘ አይደለም፤ በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች መሣሪያህን ሳትፈርድበት መቶ ሰዓት ስጠው ይላሉ፤ እኔም በራሴ ላይ ሳየው ከዚያ ብዙም አልራቀም። እነዚህን ሰዓታት እንዴት እናሳልፋቸው?

መጀመሪያ ፋብሪካው ባዘጋጀው ማስተካከያ ጀምሩና ለጊዜው አትንኩት። የሠሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ያ ማስተካከያ በአብዛኛው መሬት ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተቀመጠ ነው። ስትለውጡም አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በእርሱ ፈልጉ። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የለወጠ ሰው ውጤቱ ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው፣ ቢበላሽም የትኛው እንዳበላሸው በምን ያውቃል?

ቀጥሎ ትንሽ መሬት ምረጡ። አሥር እርምጃ በአሥር እርምጃ ይበቃል። ብዙ ሰው አዲስ መሣሪያ ሲይዝ ሰፊ ሜዳ ያምረዋል፤ ሰፊ ሜዳ ግን ቸኩለን እንድንሄድ እንጂ እንድንማር አያደርገንም። በዚያች ትንሽ መሬት ላይ የሚሰማውን ሁሉ ቆፍሩ፤ ሚስማሩንም፣ ቆርኪውንም፣ ፎይሉንም። ሲያልቅ ከሌላ አቅጣጫ ዞራችሁ ድገሙት። እኔ ከጋሼ ጋር ከዋልሁበት ቀን በኋላ ያን አሮጌ ሜዳ ትቼ በአንዲት እንዲህ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ አምስት ሳምንት ቆይቻለሁ። ጨረስሁ ባልሁ ቁጥር ሚስማሮቹን ካወጣኋቸው በኋላ ከሥራቸው ተደብቀው የነበሩ ነገሮች ይሰሙኝ ነበር፤ ብረት አጠገቡ ያለውን ነገር ድምፅ እንዴት እንደሚሸፍን በመጽሐፍ ካነበብሁት ይልቅ በዚያች መሬት ላይ ነው የገባኝ።

የሚታወቁ ነገሮችን፣ ሳንቲም፣ ቀለበት፣ ሚስማር፣ በተለያየ ጥልቀት ቀብሮ መለማመድም መልካም ነው። አንድ ነገር ግን እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ፤ ትናንት የተቀበረ ሳንቲም ለብዙ ዓመት እንደተቀበረ ሳንቲም ላይሰማ ይችላል፤ የተቆፈረው አፈር ገና አልጠበቀም፣ በብረቱና በአፈሩ መካከል ያለው ሁኔታም ገና አልረጋም። ስለዚህ በልምምዱ ቦታ የቀበራችሁትን በጥልቀት ባትሰሙት መሣሪያውን አትኮንኑት። የልምምዱ ጥቅም ድምፁን ለማወቅ እንጂ ጥልቀት ለመለካት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እባካችሁ፣ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ይህን እለምናችኋለሁ። ከመቆፈራችሁ በፊት ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ይረጋ ወይም ይዋዥቅ እንደሆነ፣ ዘጠና ዲግሪ ስትዞሩ ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ቀጥሎም ምን ይመስለኛል ብላችሁ ግምታችሁን ጻፉ፤ ከቆፈራችሁ በኋላ የወጣውን ከጎኑ አስፍሩ። ግምቱን ከመቆፈር በፊት መጻፉ ነው ቁም ነገሩ። ከቆፈርን በኋላ ሁላችንም አውቄው ነበር እንላለን፤ ወረቀቱ ግን እውነቱን ይይዛል። በእኔ ደብተር ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ጉድጓዶች ግምቴ የሰመረው በዘጠኙ ብቻ ነበር። ያን ሳይ ቅር አላለኝም፤ በአርባ አንዱ ላይ ምን እንዳሳሳተኝ የሚነግረኝ ነገር በእጄ ነበርና። የዛገ ጠፍጣፋ ብረት ከፍ ባለ ድምፅ ሲያታልለኝ ከሌላ አቅጣጫ ስመጣ ድምፁ እንደሚሰበር ያወቅሁት ከዚያ ደብተር ነው።

ትዕግሥት ስል የጠበቀ ሁሉ ያገኛል ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ፈልገው ትልቅ ነገር ያላገኙ ደጋግ ሰዎች አውቃለሁ። ሆኖም ሬግ ሚድና ሪቻርድ ማይልስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው በጀርዚ ደሴት ላይ ያደረጉትን ስሙ። አንዲት ሴት አባቷ በእርሻው ላይ የብር ሳንቲሞች ማግኘቱን ነገረቻቸው። በዚያ ወሬ ተነሥተው፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ሰብል ከተነሣ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ብቻ፣ 30 ዓመት ያህል ፈለጉ። በ2012 ወደ 70,000 የሚጠጋ ሳንቲም ያለበት ክምችት አገኙ። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው፤ ክምችቱ መሆኑን እንዳወቁ መቆፈራቸውን አቁመው ባለሙያዎችን ጠሩ። 30 ዓመት የፈለገ ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት እጁን ሰበሰበ!

እንዲሁ በ1992 በእንግሊዝ ሆክስን በምትባል መንደር ኤሪክ ሎውስ የሚባል ጡረተኛ የወዳጁን የጠፋ መዶሻ ሲፈልግ የሮማውያን ዘመን የወርቅና የብር ክምችት አገኘ፤ ከ14,000 በላይ ሳንቲም ነበረበት። እርሱም ጥቂት እንዳወጣ አቁሞ አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ ባለሙያዎቹ ዕቃዎቹ በሣጥን ውስጥ እንዴት ተደርድረው እንደተቀበሩ ለማጥናት ቻሉ። መዶሻውም ተገኝቷል፤ ዛሬ ከክምችቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ስለዚህ የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ፣ የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ ጠይቁ፣ ጉድጓዳችሁን ድፈኑ፣ የጥይት ወይም የፈንጂ ዓይነት ነገር ካያችሁ ደግሞ ፈጽሞ ሳትነኩ ርቃችሁ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። ይህ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ቢነገር ይሻላል፤ ዛሬ ከዚህ አላልፍም።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ እወዳለሁ። የነገርኋችሁን ደብተር ይዤው መጥቻለሁ፤ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አፈር የነካው ነውና ገጾቹን በቀስታ ግለጡ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የተሠረዘውንና የተሳሳተውን ታያላችሁ። ከመካከሉ ላይ፣ ቀይ ክር ካለበት ገጽ፣ የእትዬ ቀለበት የወጣበት ቀን አለ፤ ከግምቱ በታች “ፎይል” ብዬ ጽፌያለሁ። መሣሪያችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ወደ ውጭ እንውጣና ገና ብርሃን ሳለ ኮይሉን መሬት ለመሬት ማስኬድ አብረን እንለማመድ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።